«ፋብሪካ ለወደቀ ነው» ለሚል ተማሪ ምን ልበለው?

ጥያቄ፦ «በደብረ ብርሃን የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ መምህር ነኝ። ከተማችን በፋብሪካ እየተሞላች ስለሆነ ተማሪዎቼን ወደ ማኑፋክቸሪንግ ሙያ እንዳነቃቃ ትምህርት ቤቱ ኃላፊነት ሰጥቶኛል። ባለፈው ዓመት 60 ተማሪዎች ይዤ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ አስጎበኘሁ። ሲመለሱ የነበራቸው ትንሽ ፍላጎት እንኳ ጠፍቶ ነበር። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ‹ፋብሪካ ለወደቀ ነው፤ እኔ ደግሞ አልወድቅም› አለኝ። ወላጆችም ከእሱ ጋር ናቸው። ግንዛቤያቸውን እንዴት ልቀይር? የትኛውን ሙያስ ልምከራቸው? ለሴቶቹስ ምን ልበል?»

ምላሽ፦ የተማሪዎችዎ ችግር የግንዛቤ ማነስ አይደለም። አይተዋል፤ ያዩትንም በትክክል ተረድተዋል። በተርታ የተቀመጡ ወጣቶች አንዱ ኪስ ብቻ፣ ሌላዋ ኮሌታ ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ ሲሰፉ የተመለከተ የ17 ዓመት ልጅ «ለዚህ ነው እንዴ ፊዚክስ የምማረው?» ቢል ጥያቄው ተገቢ ነው። አንድ ሸሚዝ የሚሰፋው በደርዘን ለሚቆጠሩ ትንንሽ ሥራዎች ተከፋፍሎ ነው፤ እያንዳንዷን ሥራ ለመልመድ የሚፈጀውም ሳምንታት እንጂ ዓመታት አይደለም። ሥራው ቅልጥፍናና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ የሚሠሩትን ሰዎች ከልቤ አከብራለሁ። ነገር ግን በጥቂት ሳምንት የሚለመድ ሥራ ክፍያውም በዚያው ልክ ነው። 12 ዓመት የተማረን ልጅ በዚያ ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ማግባባት የእርስዎ ኃላፊነት ሊሆን አይገባም።

የተሳሳተው ጉብኝቱ ነው። ፋብሪካ እንግዳ ሲመጣበት የሚያሳየው ሰው በብዛት የሚታይበትን አዳራሽ ነው። ለ60 ልጅ የሚበቃው ቦታም እሱ ብቻ ነው። ያልተከፈቱላችሁ በሮች ሌሎች ናቸው፦ የጥገና ክፍሉ፣ ብረት እየተፈቀፈቀ ቅርጽ የሚይዝበት ቶርኖ ቤቱ፣ የቦይለሩና የኮምፕሬሰሩ ክፍል፣ የኤሌክትሪክ ቦርዱ፣ ላቦራቶሪው፣ የምርት ዕቅዱ የሚወጣበት ጠባብ ቢሮ። በነዚህ ክፍሎች ያለው ሰው ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ድምፁም አይሰማም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ «ይህን እኔም ልሆነው እችላለሁ» ብሎ ሊመኘው የሚችለው ሙያ ግን ያለው እዚያ ነው።

አንድ ምሳሌ ልስጥዎት። የቢራ ወይም የለስላሳ መሙያ መስመር በሰዓት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ጠርሙስ ያሳልፋል። መስመሩ ድንገት ቆመ እንበል። አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ ኦፕሬተሩ የጥገና ሰው ይጠራል። የመጣው ቴክኒሻን መጀመሪያ ምንም አይነካም። የመቆጣጠሪያውን ስክሪን ያነባል፤ የትኛው ሴንሰር «ጠርሙስ የለም» እያለ እንደሆነ ይለያል። ከዚያ በቴስተር ይለካል፦ 24 ቮልቱ ከምንጩ ይወጣል፣ ሴንሰሩ ዘንድ ግን አይደርስም። ገመዱን ተከትሎ ሄዶ ማያያዣው ውስጥ የእጥበት ውኃ ገብቶ ያገኛል። ያደርቀዋል፣ ያሽገዋል፣ መስመሩ ይነሣል። ከአሥር ደቂቃ በታች ሊፈጅ ይችላል። ያ ሰው ያደረገው እርስዎ በክፍል ውስጥ የሚያስተምሩትን ነው፤ ግምት ያዘ፣ ለካ፣ የተሳሳተውን ግምት ጣለ፣ ምክንያቱ ላይ ደረሰ። ያንን አሥር ደቂቃ ያየ ተማሪ «ፋብሪካ» ሲባል በአእምሮው የሚመጣለት ሥዕል ሌላ ይሆናል።

አሁን «ለወደቀ ነው» ወደምትለው አባባል ልምጣ፤ ሥሯ ሁለት ነው። አንዱ ሩቅ ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን ጠይብ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ፣ ሸማ የሚሠራውን ቁጢት በጣሽ እያለ የሚያዋርድ፣ አልፎም ቡዳ ነው እያለ የሚሸሽ ኅብረተሰብ ነበረን። ዐፄ ምኒልክ ባለሙያን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከማውጣት ደርሰው ነበር፤ መቶ ዓመት አልፎታል። ስድቡ ዛሬ በዚያ መልኩ ባይሰማም በእጅ የሚሠራ ሰው ከሚጽፍ ሰው ያንሳል የሚለው ስሜት ግን ከብዙ ቤት አልወጣም።

ሁለተኛው ሥር የቅርብ ነው፤ የተከልነውም እኛው የትምህርት ሰዎች ነን። ከ1990ዎቹ ጀምሮ እስከ 2011 ዓ.ም. ድረስ የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነበር። ውጤት የመጣለት ወደ መሰናዶ፣ ያልመጣለት ወደ ቴክኒክና ሙያ ይላክ ነበር። አንድን ሙያ ለሃያ ዓመት ያህል «ውጤት ላልመጣለት» ብለን ስንመድበው ኖረን፣ ዛሬ ልጁ «ለወደቀ ነው» ሲለን ልንደነግጥ አይገባም። የተናገረው እኛ ያስተማርነውን ነው። ጥንት እንዲህ አልነበረም። በ1934 ዓ.ም. የተቋቋመው ተግባረ ዕድ፣ በኋላም በሶቪየት ኅብረት ትብብር በ1950ዎቹ የተከፈተው የባሕር ዳር ፖሊ ቴክኒክ መግባት የሚያስከብር ነበር። ከተመራቂዎቹ ጋር የሠራሁባቸውን ዓመታት አስታውሳለሁ፤ ንድፍ ሲያነቡ የሚታይባቸው ኩራት የሐኪም ኩራት ነበር።

ለዚያ ጎበዝ ተማሪዎ ቁጥሩን ቁጭ አድርገው ያሳዩት። የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በመጀመሪያው ዓመት 3.3፣ በ2015 3.2፣ በ2016 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። «ሙያ ለወደቀ ነው» የምንል ከሆነ ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ የሚሆኑትን የወደቁ እያልን ነው ማለት ነው። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ ፈርቶ ወደ ሙያ የገባ ልጅ በመጀመሪያው ቀዳዳ ይወጣል። የምለው ሙያን ከፈተናው ውጤት ጋር ያሰረውን ገመድ መቁረጥ ስላለብን ነው። ስለዚህ ስለ ማኑፋክቸሪንግ የሚነገርበት ጊዜ ከውጤት በኋላ መሆን የለበትም። በ9ኛና በ10ኛ ክፍል፣ ማንም ገና ሳይወድቅና ሳያልፍ፣ ከክፍሉ አንደኛ ከሚወጣው ጀምሮ ለሁሉም ሊነገር ይገባል።

ለአንደኛውም የሚሆን ቦታ አለና። ቢራ ፋብሪካ የኬሚካል መሐንዲስና የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ሲሚንቶ ፋብሪካ ሜካኒካልና ኤሌክትሪካል መሐንዲስ ይፈልጋል፤ ጨርቃ ጨርቅን በዲግሪ መማር የሚሻ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ለዚሁ የቆመ ኢንስቲትዩት አለ። ማኑፋክቸሪንግ ከጽዳት ሠራተኛ እስከ ሂደት መሐንዲስ የሚደርስ መሰላል ነው። ተማሪዎችዎ ያዩት ከታች ያለውን አንዱን እርከን ብቻ ነው።

እርስዎ የፊዚክስ መምህር መሆንዎ ብዙዎች የሌላቸው ዕድል ነው። ስለ ሙያ ክቡርነት ንግግር አያድርጉ፤ ልጆች ንግግር ሰልችቷቸዋል። ዕቃ ይዘው ይግቡ። ከየትኛውም ጋራዥ የተጣለ ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንግ የሚዞርበትን ቀለበት፣ ለምነው ያምጡና ጎኑ ላይ የተጻፈውን ያስነብቧቸው። 6205 የሚል ቢሆን የመጨረሻዎቹን ሁለት አሐዞች በ5 እንዲያባዙ ይንገሯቸው፤ 25 ይመጣል። ከዚያ ቀዳዳውን በካሊፐር ያስለኳቸው፤ 25 ሚሊ ሜትር ነው። ደንቡ ከ04 ጀምሮ ለተለመዱት ኩሽኔታዎች ሁሉ ይሠራል፤ 6203 ላይ ግን አይሠራም፣ 17 ሚሊ ሜትር ነው። ደንቡን ያወቀ ልጅ የማያውቀውን ፋብሪካ መለዋወጫ መጋዘን ገብቶ መደርደሪያውን ማንበብ ይጀምራል። ደንቡ የማይሠራበትን ያወቀ ልጅ ደግሞ ከመሥራት በፊት መለካትን ይማራል።

ቀጥሎ የአንድ ሞተር የስም ሰሌዳ ፎቶ ያሳዩአቸው፦ 380 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ በደቂቃ 1,450 ዙር። ባለ አራት ዋልታ ሞተር በ50 ኸርዝ መግነጢሳዊ መስኩ የሚዞረው በደቂቃ 1,500 ጊዜ ነው። ታዲያ ዘንጉ ለምን በ50 ዙር ወደኋላ ቀረ? ይህችን ጥያቄ ይተዉላቸውና ይሂዱ። መልሱን ፈልገው የሚመጡትን ሁለት ሦስት ልጆች በስማቸው ይመዝግቡ፤ የምንፈልጋቸው እነሱን ነው።

የራሳችሁ ከተማም ጥሩ ጥያቄ ትሰጣችኋለች። መደበኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱ የሚሰላው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ ቦታ ነው። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩን እንደ ቆላው አያቀዘቅዘውም፤ ስለዚህ ብርዱን ሳንቆጥር የሚጫንበት ሥራ መቀነስ ወይም ሞተሩ ሲገዛ ከፍ ያለ መመረጥ አለበት። በብርድ አገር ሞተር የሚግልበትን ምክንያት የ11ኛ ክፍል ተማሪ በራሱ ሊደርስበት ይችላል። የደረሰበት ቀን ፋብሪካ የእሱም ጉዳይ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ገንዘብ ነው፤ አይሸሹት። አገራችን ለግሉ ዘርፍ የተቆረጠ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የላትም። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ሲመረቅ ብዙ ተስፋ ተነግሮለት ነበር፤ ጀማሪ ሰፊዎች ግን በወር መነሻቸው ከ1,000 ብር በታች ነበር። ከገጠር የመጡ ልጆች ከዚያ ላይ የቤት ኪራይ ከፍለው፣ በልተው፣ ለቤተሰብ መላክ አልቻሉም። ብዙዎቹ በወራት ውስጥ ለቀቁ። «የሥራ ባህል የላቸውም» ይባል ነበር፤ ይህ ፍርድ ያሳዝነኛል፤ ኪራይና ምግብ ደምሮ ከደመወዙ ጋር ያስተያየ ሰው ለምን እንደለቀቁ ይገባዋል። ተማሪዎችዎ ይህን ታሪክ ከእህቶቻቸውና ከጎረቤት ሰምተዋል። እርስዎ ሸፋፍነው ካለፉት የሚናገሩት ሌላው ሁሉ አይታመንም።

ስለዚህ ደመወዝን በተመለከተ ከእርስዎ አፍ ቁጥር ባይወጣ ይሻላል። አምስትና ስድስት ዓመት የሠራ አንድ የጥገና ቴክኒሻን፣ አንድ በያጅ፣ አንዲት የጥራት ተቆጣጣሪ ክፍል ውስጥ ይጋብዙ፤ ከሰው ሀብት ክፍል የሚላክ ኃላፊ ግን አይጋብዙ። ሲጀምሩ ስንት እንደተከፈላቸው፣ ዛሬ ስንት እንደደረሱ፣ ኪራያቸው ስንት እንደሆነ፣ ትርፍ ሰዓት ሲሠሩ ምን እንደሚያገኙ በግልጽ እንዲናገሩ አስቀድመው ይስማሙ። ለመናገር ፈቃደኛ ያልሆነውን አያስገድዱት፤ አያምጡትም።

ሌላው በግልጽ መነገር ያለበት ፋብሪካ ሊዘጋ መቻሉ ነው። አሜሪካ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የቀረጥ ነፃ ዕድል አስወጣች። ሐዋሳ የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ከዚያ ቀደም ብሎ በኅዳር ወር ፋብሪካውን መዝጋቱን አስታወቀ፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፉ ሌሎችም ተጎዱ። ጦርነቱና የጸጥታው ችግር፣ የውጭ ምንዛሪ እጥረት፣ የመብራት መቆራረጥ፣ የጥሬ ዕቃ መጥፋት ብዙ ፋብሪካዎችን ከአቅማቸው በታች እንዲሠሩ አድርገዋል። በእናንተ አካባቢ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም።

ለልጆቹ የምሰጠው ምክር ከዚህ እውነት የሚነሣ ነው፦ ፋብሪካን ሳይሆን ክህሎትን ይምረጡ። አንድ ዓይነት ልብስ አንድ ቦታ ላይ መስፋት ብቻ የሚያውቅ ሰው ፋብሪካው ሲዘጋ የያዘው ነገር ይቀርበታል። ሞተር፣ ፓምፕ፣ ኮምፕሬሰርና የመቆጣጠሪያ ቦርድ መጠገን የሚያውቅ ሰው ግን ከብርድ ልብስ ፋብሪካው ወደ ቢራው፣ ከቢራው ወደ መስታወቱ፣ ከዚያም ወደ ዱቄት ፋብሪካ፣ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ውኃና ፍሳሽ፣ ወደ ሆቴል መሄድ ይችላል። ሁሉም ቦታ የሚዞር ነገር አለ፤ የሚዞር ነገር ሁሉ ደግሞ ይበላሻል።

ስለዚህ የትኛውን ሙያ ልምከር ላሉኝ መልሴ አንድ ነው፤ ቅድሚያ ኤሌክትሮ መካኒካል ጥገና። የኤሌክትሪክና የመካኒክ ዕውቀት በአንድ ሰው እጅ ሲገናኝ ፋብሪካው በቀላሉ አይለቀውም። በሁለተኛ ደረጃ የማሽን ሥራ፣ ማለትም ቶርኖና ሚሊንግ፣ እያደርም በኮምፒዩተር የሚታዘዙት ሲኤንሲ ማሽኖች። መለዋወጫ ከውጭ ለማስገባት ምንዛሪ በሚቸግርበት አገር የተሰበረን ዘንግ ለክቶ አዲስ የሚሠራ ሰው እጁ ወርቅ ነው። ብየዳም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን የመስኮት ብረት መበየድና ግፊት የሚሸከም ቧንቧ መበየድ የተለያዩ ሙያዎች መሆናቸውን ልጁ ከመጀመሪያው ይወቅ። ሁለተኛው ሥልጠናውም ፈተናውም ከባድ ነው፤ ክፍያውም እንደዚያው። የላቦራቶሪና የጥራት ሥራ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለሚወዱ ይሆናል።

«ማሽን ሰውን እየተካ ነው፤ ከንቱ ድካም ነው» የሚሉ ወላጆች ይገጥሙዎታል። ማሽን መጀመሪያ የሚተካው የሚደጋገመውን ሥራ ነው። ማሽን በበዛ ቁጥር ደግሞ የሚጠግነው ሰው ይፈለጋል። ይህም አንዱ ምክንያት ነው ጥገናን ያስቀደምኩበት።

መንገዱን በተመለከተ ወላጆች «ቴክኒክና ሙያ ገደል ነው፤ ከገቡ በኋላ መውጫ የለውም» ብለው ያምናሉ። ይህ ስህተት ነው። ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ሠልጣኙ በየደረጃው ሁላችን ሲኦሲ የምንለውን የብቃት ምዘና ያልፋል፤ ከዚያም ሥራ ይዞ ወይም በቀጥታ ወደሚቀጥለው ይወጣል። ከላይኞቹ ደረጃዎች በኋላ በዲግሪ መቀጠል ይቻላል፤ አዲስ አበባ ያለው የፌዴራሉ ቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት እስከ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ ያስተምራል። መንገዱ አለ። ረጅም መሆኑን ግን አልደብቅም፤ ቀን እየሠሩ ማታ መማር ጉልበት ይጨርሳል። እኔ ራሴ በረዳት ጥገና ሠራተኛነት ስጀምር ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ከማቀበል ሌላ ያስተማረኝ ሰው አልነበረም። ንድፍ ማንበብን የተማርኩት በማታ ትምህርት፣ በራሴ ገንዘብ ነው። ተማሪዎችዎ በዚያ መንገድ እንዲያልፉ አልፈልግም፤ ስለዚህ ኮሌጅ ሲመርጡ እንዲህ ያጣሩ።

ኮሌጁን በሕንፃው አይመዝኑ፤ ወርክሾፑ ይግቡ። ከቶርኖው ሥር የብረት ፍቅፋቂ ወድቋል? ማሽኑ የሚያብረቀርቅና ወለሉ ንጹሕ ከሆነ አይሠራበትም ማለት ሊሆን ይችላል። በሞርሳዎቹ ላይ የእጅ ሥራ ምልክት አለ? የብየዳ ኤሌክትሮድና የልምምድ ላሜራ በመጋዘን አለ ወይስ «በጀት አልተለቀቀም» ይባላል? አንድ ማሽን ለስንት ሠልጣኝ ነው? ዐሥር ልጅ ከብቦ አንዱ ሲሠራ የሚያይ ከሆነ ዘጠኙ ቲያትር እያዩ ነው። በመጨረሻም ባለፈው ዓመት የጨረሰ ልጅ ፈልገው በትብብር ሥልጠናው ፋብሪካ ውስጥ ምን እንዳደረገ ይጠይቁት። «ጠረግን፣ ሳጥን ተሸከምን» ካለ ሥልጠናው የለም። «ቺንጋ ቀየርኩ፣ ሞተር ፈታሁ» ካለ ልጅዎን ይላኩ። በምሥክር ወረቀት ብዛት ብቻ የሚኮራ ኮሌጅ ካጋጠመዎት ይራቁ።

ሴቶቹን በተመለከተ ከሌላው ሁሉ በላይ አሳስባለሁ። በስፌት አዳራሽ ከሚሠሩት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ በጥገና ክፍል ውስጥ ግን አንዲት ካለች ብዙ ነው። ይህ የችሎታ ጉዳይ አይደለም። አባት «ወንዶች መካከል አትዋይም» ይላል፤ ፎርማኑ «ከባድ ነው» ይላል፤ እሷም ሌላ ሴት እዚያ አይታ አታውቅም። ዘመናዊ ጥገና ከጉልበት ይልቅ መለኪያና ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከባዱን ዕቃ የሚያነሣው ክሬን ወይም ቼይን ብሎክ ነው። ልጅቷ የምታመዛዝነው ከፋብሪካ ደመወዝ ጋር ዩኒቨርሲቲን ብቻ እንዳልሆነም ይወቁ። ከሰሜን ሸዋና ከወሎ ብዙ እህቶቻችን ወደ ዓረብ አገር ለቤት ሠራተኝነት ይሄዳሉ፤ የስፌት ደመወዝ ከዚያ ጋር ሲተያይ እንደማያዋጣ ታሰላለች። ሙያ ያለው ሥራ ግን ሌላ ሂሳብ ነው፤ ቁጥሩን የምትሰማው ከእርስዎ ሳይሆን ከአንዲት ሴት ቴክኒሻን ይሁን። እስክታገኙ ፈልጉ፤ አዲስ አበባ ድረስ 130 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። አደጋውንም ይንገሯቸው፦ የማታ ፈረቃ ጨርሳ በእግር የምትመለስ ልጅ ስጋት አለባት፤ የአለቃ ትንኮሳም አለ። ፋብሪካው ለማታ ፈረቃ ሰርቪስ እንዳለውና አቤቱታ የሚሰማ ሰው ማን እንደሆነ ከመፈረሟ በፊት ትጠይቅ። መልስ የሌለው ፋብሪካ አይመከርም።

ጥቂት ማስጠንቀቂያዎች አሉኝ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው «ወጣት ሠራተኛ» በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ በትርፍ ሰዓት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜና በአደገኛ ሥራ ላይ ሊሠራ አይችልም። ጉብኝትን የቅጥር መመልመያ ማድረግ የሚፈልጉ ፋብሪካዎች አሉ፤ ከ11ኛ ክፍል የሚያስወጣ ማንኛውንም ግብዣ በግልጽ እምቢ ይበሉ። የ12ኛ ክፍል ማስረጃ የሌለው ልጅ ከመሰላሉ በታችኛው እርከን ላይ ሊቀር ይችላል።

የሚዞር ማሽን አጠገብ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተለቀቀ ፀጉር፣ ቀለበትና ክፍት ጫማ አይፈቀድም፤ አንዲት ልጅ እንኳ ነጠላ ለብሳ ከመጣች ከበር ትመለስ። ከብዙ ዓመት በፊት አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ጣቱን ያጣው በጋብቻ ቀለበቱ ነው፤ ቀለበቱ በሚዞር ዘንግ ሲያዝ ጣቱን ለማዳን ጊዜ አልነበረም። ይህን ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ አደጋን የሚደብቅ ሙያ አስተዋዋቂ አይታመንም።

ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ ቢያደርጉት የምለው ይህን ነው። የ60 ልጆቹን ጉብኝት ይተዉት። ከ10ኛና ከ11ኛ ክፍል ስድስት ስድስት ልጆች፣ ግማሹ ሴቶች፣ በውጤት ሳይሆን የ1,450 ዙሩን ጥያቄ መልስ ፈልገው ከመጡት መካከል ይምረጡ። የቢራውን ወይም የብርድ ልብሱን ፋብሪካ የጥገና ኃላፊ በግል ያነጋግሩ፤ አስተዳደሩ ደብዳቤ እስኪጽፍ አይጠብቁ፣ ደብዳቤውን በኋላ ያምጡለት። የሚጠይቁት ግማሽ ቀን ብቻ ነው። ቦታው አዳራሹ ሳይሆን የጥገና ክፍሉ ይሁን። ከተጣሉት ዕቃዎች አንድ ፓምፕ ወይም አንድ ትንሽ ሞተር ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ አንድ ቴክኒሻን እያሳየ ልጆቹ ራሳቸው ይፍቱት፣ የተበላውን ኩሽኔታ ያግኙ፣ ይለኩ፣ መልሰው ይግጠሙ። መጨረሻ ላይ መብራት ሲሰጠው ይነሣል ወይም አይነሣም። ካልተነሣ የበለጠ ይማራሉ።

ወላጆቹን በሁለተኛው ጊዜ ይጥሯቸው፤ እናት ልጇ የገጠመችው ሞተር ሲነሣ ማየት አለባት። በወሩ ውስጥ ደግሞ ልጆቹን የመጀመሪያውን ጥያቄዎን መልሰው ይጠይቋቸው፦ ዘንጉ ለምን በ50 ዙር ወደኋላ ቀረ? ያ «ፋብሪካ ለወደቀ ነው» ያለዎት ጎበዝ ተማሪም አብሯቸው ይገኝ።